ትርፍ ቤት

ከዊልስደን በ52 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍሮ ኬንሲንግተን ለሚወርድ ሰው ኤምባሲያችን ቅርብ ነው። ታናሹ አጎቴ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ እዚያ በር የሄዱት መፈክር ይዘው ብቻ ነበር፤ ኢሕአፓ ነበሩ። ታላቁ መኢሶን ነበሩ። "ሂሳዊ ድጋፍ" ብለው ከደርግ ጋር ቆይተው፣ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድርጅታቸው ከደርግ ሲለይ እሳቸውም ተሳዳጅ ሆኑ። ሁለቱም ዞረው ዞረው ለንደን ገቡ። የሚገናኙት ግን ለቅሶ ቤት ነው።

የሰፈሬ ሰው ጃማይካዊ፣ አየርላንዳዊ፣ ከኬንያ የመጣ ሕንድ ነው። ዛዲ ስሚዝ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልቦለድ የዊልስደን ቤተሰቦችን ስትተርክ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጥላ አብሮ አለ። እኛ "አልተገዛንም" ብለን አፋችንን እንሞላለን። ልጆቻችን "ታዲያ ለምን መጣን?" ሲሉን ግን "ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው" እንላለን። እኔም ብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቡናዬን በሰላም ለመጠጣት ነው።

ባለፈው ክረምት አክስታችን አርፈው ለቅሶው እኔ ቤት ሆነ። ሁለቱ አጎቶቼ ሶፋው ግራና ቀኝ ጫፍ ተቀመጡ። አንዲት እንግዳ የአያቴን ትርፍ ቤቶች ስታነሳ የ15 ዓመት ልጄ "ትርፍ ቤት ምንድን ነው?" አለ።

"ሰው ከሚኖርበት ሌላ ያለው ቤት" አሉ ታላቁ።

"አባታችን ለፍቶ የሠራው ቤት" አሉ ታናሹ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የአያቴን ሦስት ኪራይ ቤቶች ወሰደ። ታላቁ አጎቴ የገዛ አባታቸው ቤት ሲወረስ ሰልፍ ወጥተው ደግፈዋል፤ እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት የሚያስተዳድር የቀበሌ ማኅበርም በዚያው አዋጅ ተቋቋመ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀበሌ ወጣት እየለቀመ ያስር ጀመር። የሰፈራችን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከሦስቱ የአያቴ ቤቶች አንዱ ነበር፤ ታናሹ አጎቴም የታሰሩት እዚያ ነው።

ሽማግሌዎቻችን እያለቁ ነው። ልጆቹ ለቅሶ ላይም ቢሆን ይጠይቁ፤ "ነውር ነው" አንበላቸው። እኔ ያን ቀን ልለው አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመኝ።

"ጋሼ፣ የትኛው ክፍል ነው የታሰሩት?"

"ጓዳው። ተከራይዋ በርበሬ የምታስቀምጥበት።"

ታላቁ አቀርቅረው ነበር። "ጓዳው መስኮት የለውም እኮ" አሉ።

"ነበረው" አሉ ታናሹ። "አንተ ነህ ያስደፈንከው።"

ቡናው ገነፈለ። የተነሳ ሰው የለም።