የባትሪ ድንጋይ ነገር

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች መጻፍ የተለመደ ስለሆነ፣ ስለ ባትሪ ድንጋይ ልንጽፍ መነሣታችን አንዳንድ ወንድሞቻችንን ሳያስቃቸው አይቀርም። ይሣቁ። እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ግን ለዕረፍት አገራችን ስንገባ፣ ስለ ትምህርታችን ከመጠየቃችን በፊት «ድንጋይ አመጣችሁልን ወይ?» ተብለን እንደምንጠየቅ እናውቃለን።

ዐባይ በስማዳ ግርጌ ያልፋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ግድብ ነው። በዚህ ያለን ደስታ ከማንም ደስታ አያንስም። ይሁን እንጂ ከንፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ለሚዘልቅ ሰው የመብራት ገመድ ያልደረሰበት ቀበሌ ብዙ ነው። እዚያ ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ፣ ሴት በሌሊት ስታምጥ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ሲነሣ፣ የሚበራው የእጅ ባትሪ ነው። ወሬ የሚሰማውም በራዲዮ ነው፤ ራዲዮውም ድንጋይ ይበላል።

የሚገዛው ድንጋይ ያው ተጠቅመው የሚጥሉት ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አልሆን ሲል በጥርስ ይነከሳል። (እኛም ነክሰናል፤ ጣዕሙን የምናስታውስ አለን።) በመጨረሻ ከጓሮ ይወረወርና ሕፃናት ሰብረው በጥቁሩ ዱቄት ይጫወታሉ። የተገዛበት ገንዘብ ደግሞ ዓርብ ገበያ ወርዶ ከተሸጠ እንቁላልና ገብስ የተገኘ ነው።

«ታዲያ ተመልሶ የሚሞላውን ገዝቶ መላክ ነው!» የሚል ሰው ይኖራል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። አንድ ጊዜ ገንዘብ አዋጥተን፣ ስሙን ከማንጠራው ሱቅ፣ 10000 የሚል ቁጥር በትልቁ የተጻፈባቸውን አራት ወፋፍራም ድንጋዮች ገዛን። ከመካከላችን የአንዱ እናት ባትሪያቸው ውስጥ አስገብተው አንድ ምሽት ካበሩበት በኋላ፣ «ልጄ፣ ያንተ ድንጋይ ገና ሳይመሽ ተኛ፤ የኔው የሚጣለው ይሻለኝ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንዱን ስንፈታው ከወፍራሙ ቆርቆሮ ውስጥ የተገኘው እንደ ጣት የቀጠነው ትንሹ ድንጋይ ነበር። የቀረው ቦታ ባዶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መርምረናልና የተረዳነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እናካፍላለን። በመጀመሪያ፣ የሚገዛ ሰው ከጽሑፉ ይልቅ እጁን ይመን። ለራዲዮና ለትልቁ ባትሪ የሚሆነው እውነተኛ የሚሞላ ወፍራም ድንጋይ ከ8000 እስከ 10000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሲሆን ክብደቱ ከ150 ግራም አያንስም። በእጅ ሲያዝ ቅልል የሚል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። ቀጭኑ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2000 እስከ 2700 ይይዛል። በአዲሶቹ የእጅ ባትሪዎች የሚገባው፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው ሊቲየም ደግሞ ከ3600 ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ 9900 ተብሎ ሲጻፍበት ሐሰት መሆኑ ሳይለካ ይታወቃል።

ኒኬሉ 1.2 ቮልት፣ የሚጣለው 1.5 ቮልት ነው ተብሎ ብዙ ሰው ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም። የሚጣለው 1.5 ላይ ጀምሮ ሥራው ሳይጋመስ ወደ 1.2 ይወርዳል፤ ኒኬሉ ግን እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ይቆማል። በዚህ ፋንታ ሊፈራ የሚገባው ሌላ አለ፤ መጠኑ ከቀጭኑ ድንጋይ ጋር አንድ ሆኖ 3.7 ቮልት የሚሰጥ ሊቲየም ራዲዮን ያቃጥላል። በውስጡ መለወጫ ተደርጎለት 1.5 ቮልት የሚሰጠው ሊቲየም ራዲዮውን ባያቃጥልም፣ በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ ላይ ጩኸት ይጨምራል። ሲያልቅም ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል። ለሌሊት መንገደኛ ይህ አይመከርም።

ዋናው ጥያቄ ግን የዋጋው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለናል። በከተማ የሚኖር ሰው የሚሞላውን ድንጋይ ዋጋ በሚጣለው ዋጋ አካፍሎ፣ አምስት እጥፍ ቢሆን ከአምስተኛው ሙሌት በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው ይላል። ለእርሱ ትክክል ነው፤ መሰኪያው ከአልጋው አጠገብ ነው። በእስቴ ገጠር ያለች እናት ግን ለማስሞላት በገበያ ቀን ወደ ከተማ መሄድና መክፈል አለባት። የምትከፍለው የአንድ የሚጣል ድንጋይን ዋጋ ግማሽ ያህል ከሆነ ያወጣችውን የምትመልሰው በአሥረኛው ሙሌት ነው፤ ሙሉውን ያህል ከሆነ ግን የያዘችው ዕዳ እንጂ ትርፍ አይደለም። ስለዚህ ድንጋዩን ለብቻው ገዝቶ መላክ ግማሽ ስጦታ ነው። ቤታቸው የፀሐይ መብራት ካለ፣ ስልክ ከሚሞላበት ቀዳዳ ኃይል የሚወስድ መሙያ አብሮ ይላክ። 5 ዋት የሆነ ፓናል አራት ቀጫጭን ድንጋዮችን በአንድ ጥሩ የበጋ ቀን ይሞላል፤ በክረምት ደመና ግን ብዙ ሊጠበቅበት አይገባም። የፀሐይ መብራት ከሌላቸው ደግሞ ተሞልቶ ሲቀመጥ ኃይሉን ቶሎ የማያባክነው ዓይነት ይመረጥ፤ እንዲህ ዓይነቱ ኒኬል ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በዓለም ገበያ ላይ አለ፤ ጥሩው ዓመት ቆይቶ እንኳ ከያዘው አብዛኛው አይጠፋም። ተራው ኒኬል ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ባዶውን ይገኛል፤ የሰው ስምም የሚያጠፋው እርሱ ነው።

ከጎኑ መሰኪያ የሚወጣለት ርካሹ የእጅ ባትሪም በየገበያው ሞልቷል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ነው፤ እርሳስ ደግሞ ባዶውን ሁለት ሦስት ወር ከተቀመጠ ዳግመኛ አይነሣም። በየሳምንቱ ለመሙላት ለማይችል ቤት መግዛቱ ገንዘብ መጣል ነው። ከጉና ሥር ለሚኖሩት ደግሞ አንድ ማስታወሻ፤ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ደጅ ያደረ ሊቲየም ሙቀት ሳያገኝ አይሞላ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይበላሻል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የንግድ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው እንጂ የተማሪ አይደለም» ይሉናል። የሐሰት ቁጥር የሚጽፈውን መቆጣጠር የመንግሥት ሥራ መሆኑን አንክድም፤ እንዲቆጣጠርም እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን ፊዚክስ የሚማር ሰው እያለን ወላጆቻችን በቆርቆሮ ባዶ መታለላቸው ያሳፍረናል። ስለሆነም ማኅበራችን ድንጋይ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካ አንድ መሙያ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ እንዲያኖር እንጠይቃለን። ዋጋው ለአንድ ምሽት ግብዣ ከሚወጣው ያነሰ ነው። ለክረምት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ የገዛውን ከመጓዙ ከሳምንት በፊት ያምጣና ያስለካ፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘም ለሻጩ የሚመልስበት ጊዜ ይኖረዋል። የሚለካውን ሥራ እኛ ተራ ገብተን እንሠራለን፤ ስማችንንም ለጸሐፊው ሰጥተናል።