ብቻዋን የተተከለች ፖም



በጸሎት ቤታችን ግቢ አንዲት የፖም ዛፍ አለች። የጋይንት ደጋ ብርድ ተስማምቷታል፤ ፖም ብርድ ካላገኘ በደንብ አያብብምና። በየዓመቱ ነጭና ሮዝ አበባ ትለብሳለች። ፍሬ ግን የለም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ የበለሷን ምሳሌ ጠቅሶ “ትቆረጥ” አለ፤ አብዛኞቻችንም ተስማማን።

መጥረቢያውን ያዘገየው የአንድ የግብርና ባለሙያ ጥያቄ ነው። “በአቅራቢያዋ ሌላ ዓይነት ፖም አለ ወይ?” አለን። አልነበረም።

አብዛኛው ፖም በራሱ የአበባ ዱቄት በቂ ፍሬ አይሰጥም። አንድ ዓይነት ዝርያ ደርድሮ መትከልም ብዙ አይረዳም፤ በማዳቀል የተባዙ ስለሆኑ እንደ አንድ ዛፍ ናቸው። በዚያው ሰሞን የሚያብብ ሌላ ዝርያና ንብ ያስፈልጋል። “አና” እና “ዶርሴት ጎልደን” የተባሉት ዝርያዎች አብረው የሚተከሉት ለዚህ ነው። በውጭ አገር ደግሞ “ክራብ አፕል” የሚሏት ትንሽ የፖም ዘመድ አለች። ፍሬዋ ጎምዛዛ ስለሆነ እንዲሁ የሚበላት ጥቂት ነው፤ በጠባብ ግቢ የምትተከለው ለአበባዋ ነው። ገበሬዎች ግን አበባዋ ብዙ ስለሆነ በፖም ማሳቸው መካከል ይተክሏታል። ጎረቤቶቿ በእርሷ ምክንያት ያፈራሉ። ቦታ ለጠበበው የሌላ ዝርያ አንድ ቅርንጫፍ በዛፉ ላይ ማዳቀልም ይቻላል።

ፖም በአገራችን የታወቀው በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን አመጡት፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም ችግኙን አባዛች። በዚህ ስንኮራ ኖረናል። እኛ ግን አንድ ችግኝ ብቻ ተክለን ፍሬ ጠበቅን።

ሉቃስ 13ን በጥድፊያ ያነበብነው ይመስለናል። ዓይናችን መጥረቢያው ላይ ያርፋል፤ አንድ ዓመት ለምኖ ዙሪያዋን ሊቆፍር የወደደውን አትክልተኛ እናልፈዋለን። ጌታን ተቀብሎ ሦስት ዓመት ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ወንድም “ፍሬ የለውም” ብለን ፈርደናል። በቤቷ ብቸኛዋ አማኝ የሆነችውን እኅትም እንዲሁ። ማን አጠገባቸው ነበር? ብለን ጠይቀን አናውቅም። ስብከት የማያውቁ፣ መጥተው አጠገብ የሚቀመጡ እናቶችንስ ከአገልጋይ ቆጥረናቸው እናውቃለን?

“ይህ ለሰነፍ ማመካኛ ነው” የሚል ይኖራል። የደረቀ ዛፍ መኖሩን አንክድም። ግን ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ማየት ይቀድማል፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው።

እዚሁ ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። እኛ ወንጌላውያን ብንሆንም ይህን ከእነርሱ ብንማር አናፍርም፦ ድጓ በብቸኝነት አይጠናም፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየሰማ፣ ከጓደኞቹ ጋር እያዜመ ነው የሚይዘው።

በዚህ ሰኔ ሁለተኛውን ችግኝ፣ የሌላ ዝርያ፣ ከአጥሩ ሥር ተክለናል። እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል። መጥረቢያውን ያነሣው ወንድማችን ውኃ የማጠጣቱን ተራ ወስዷል። ከኋላ ወንበር የቀረው ወንድም ቤት ደግሞ ሐሙስ ማታ ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ ለመምከር ሳይሆን ቡና ለመጠጣት።