ጭላሎን ለምን አንወጣውም?

የአዳማ ሰው የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ ቢሾፍቱ። ቆላ የሚኖር ሰው ውኃ ቢወድ አይፈረድበትም። ሆኖም አዋሽ መልካሳ ላይ ወደ ሶደሬ መታጠፉን ትቶ በዴራና በኢተያ አድርጎ ሽቅብ የቀጠለ መንገደኛ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ ከፊቱ ይገተርለታል። በተራራው ግርጌ ያለችው አሰላ ከከተማችን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። እንዲያም ሆኖ ጭላሎን በመኪና መስኮት አይቶት የሚያልፈው ብዙ ነው፤ በእግሩ የወጣው ግን ጥቂት ነው። ይህ ይቆጨኛል።

ዛሬ ባለ ቀለም ተራራ ሲባል የዓለም ጎብኚ ቀድሞ የሚያስበው ፔሩ የሚገኘውን ቪኒኩንካን ነው። እዚያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ አፈሩን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አድርገው ያዥጎረጎሩት ማዕድናት ናቸው። የጭላሎ ቀለም ግን ይበቅላል፣ ያብባል፣ በየወሩም ይለወጣል። በጥቅምት ግርጌው ላይ የገብሱና የስንዴው አረንጓዴ ወደ ወርቃማነት ሲያደላ፣ በመካከሉ የተልባው ሰማያዊና የጎመን ዘሩ ቢጫ ብቅ ይላል። ከእርሻው በላይ ኮሶው፣ ከኮሶው በላይ በዛፍ ሽበት የተሸፈነው አስታ ይቀበልዎታል። አስታው አልቆ ሜዳው ሲገለጥ ብርማ ቅጠል ያላቸው ቁጥቋጦዎችና ከሰው ቁመት የሚበልጠው ጅብራ ይጀምራሉ። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን እያበዛ ቆይቶ በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል። ያንን አበባ ቆሞ ለማየት ብቻ እንኳ ዳገቱን መውጣት ያዋጣል እላለሁ።

ተራራው ለቆላ ሰው ሳንባ አይራራም። ከ4,000 ሜትር በላይ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶው ቢሆን ነው። ስለዚህ ጠዋት ከአዳማ ተነስቶ ቀትር ላይ ጫፉ ላይ እደርሳለሁ ማለት አይበጅም። አሰላ ማደር፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ውኃ ደጋግሞ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ራስ ምታቱ ከበረታም ያለ ክርክር መውረድ። ሯጮቹ ኃይሌና ቀነኒሳ ያደጉት በዚህ ደጋ ነው፤ እኛ ግን ለአየሩ እንግዶች ነን።

ነገሩ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ የሐይቁ ዳር ከተማ የባቱ ዓሣ አስጋሪም፣ የመስኖ ገበሬውም፣ የአበባ እርሻውም ኑሮው በዚያ ሐይቅ ላይ ነው። አስታው ለማገዶ ሲቆረጥና ሲቃጠል፣ እርሻውም ሽቅብ ሲገፋ፣ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው ምድር ይራቆታል። ደለሉ የሚመጣው ወደ እኛ ወደ ቆላው ነው። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም ጭላሎን ማካተቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። እነዚህ ተራሮች ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይኖረው የደጋ አጋዘን አገር ናቸው፤ እንስሳው እ.ኤ.አ. በ1910 ለሳይንስ የተዋወቀው ከዚሁ ከአርሲ በተገኘ ናሙና ነው። ነገር ግን ከመሬቱ ጠርዝ የሚኖረው ገበሬ ከፓርኩ ጥቅም ካላየ አስታውን ትቶ ምን ያነዳል? «አትቁረጥ» ብሎ መከልከል ብቻውን ለልጆቹ እራት አይሆንም።

ለዚህ መልሱን ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። ከእኛው ደጋ፣ ዶዶላና አዳባ ላይ፣ የአካባቢው ሰው ራሱ መንገድ መሪ፣ ፈረስ አከራይና የማደሪያ ጎጆ ጠባቂ ሆኖ ጎብኚ ሲያስተናግድ አይተናል። ጭላሎም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ፣ የታወቀ የፈረስና የመሪ ክፍያ፣ ሁለት ሦስት ቀላል ማደሪያ፣ ገቢውም በግልጽ ለቀበሌው ሰው የሚደርስበት አሠራር። ማስታወቂያው ከዚህ በኋላ ይድረስ። ቪኒኩንካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዝናው ገንኖ ጎብኚ ሲጎርፍበት ለመንደሩ ነዋሪ ገቢ አምጥቷል፤ የዚያኑ ያህል ግን መንገዱ በእግርና በፈረስ ኮቴ ተቦርቡሯል። እኛ ገና ስላልጀመርን ከዚያ የመማር ዕድል አለን።

የክልሉ የቱሪዝም ኃላፊዎች፣ የአሰላና የአዳማ ባለ ሆቴሎች በዚህ ጉዳይ አንድ ላይ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። አንባቢዬ ግን እነሱን መጠበቅ የለብዎትም። በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድመው ከወረዳው ጠይቀው፣ የአገሩን ሰው መሪ አድርገው ይውጡ። ሳይከራከሩ ይክፈሉት። ቆሻሻዎን ይዘው ይውረዱ፤ እሳት ማንደድ ካማረዎትም አስታውን አይንኩ።