ከእነዋሪ የተላከች አንዲት ቃል እንዴት ባሕር ትሻገራለች?

ሰው በየቀኑ የሚገለገልበትን መሣሪያ አሠራሩን ሳያውቅ መኖር ይችላል። እንጀራ የሚበላ ሁሉ ምጣድ አያሟሽም፤ በመኪና የሚሄድ ሁሉም ሞተር አይፈታም። ነገር ግን ምጣዱ የተሰነጠቀ ዕለት፥ መኪናውም ከመንገድ የቆመ ዕለት፥ የሚያውቅና የማያውቅ ይለያል። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ተማሪው የፈተና ውጤቱን የሚያይበት፥ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሪፖርቱን የሚልክበት፥ ነጋዴውም ገንዘብ የሚያስተላልፍበት ከሆነ ወዲህ፥ «ኔትወርክ የለም» የሚለው ንግግር በየቢሮው ደጃፍ እንደ ሰላምታ ተለምዷል። የለም ሲባል ግን የጠፋው ምኑ ነው? የተቋረጠውስ የት ላይ ነው? ይኸን ለመረዳት፥ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ አንዲት ቃል ተከትለን መንገድ እንሂድ።

በሰሜን ሸዋ፥ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፥ በእነዋሪ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ በስልኩ «እነዋሪ» ብሎ ጽፎ ባሕር ማዶ ላለው ወንድሙ ላከ እንበል። ስልኩ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፊደሉን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው መዝገብ የእኛን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚህ መዝገብ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ሲሆን፥ «እ» 4773፥ «ነ» 4752፥ «ዋ» 4811፥ «ሪ» 4650 ናቸው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ሠሪ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበረ፥ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት እየሆነ ያስቸግር ነበር።

ቁጥሮቹም በተራቸው ወደ ዜሮና አንድ ይመነዘራሉ። በተለመደው አጻጻፍ ለአንድ የአማርኛ ፊደል 24 ምልክት ሲያስፈልግ ለእንግሊዝኛው ፊደል 8 ይበቃዋል። እንግዲህ ባለ አራት ፊደሏ ቃላችን 96 የዜሮና የአንድ ምልክት ሆና ለጉዞ ተሰናዳች ማለት ነው።

አሁን ጉዞው እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው ተጀምሮ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በእንደዚህ ያለው ስልክ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መስመሩ የእነርሱ ብቻ ነው፤ ዝም ቢሉ እንኳ ሌላ ሰው አይገባበትም። የኢንተርኔት ብልኃት ከዚህ የተለየ ነው። አንድ የጅሩ ገበሬ አሥር ኩንታል ስንዴ ወደ አዲስ አበባ ሲልክ አንድ ሙሉ መኪና አይከራይም፤ በየጆንያው ላይ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ጽፎ፥ «ከ10ሩ 3ኛው» እያለ ቆጥሮ፥ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በተገኘው መኪና ይጭናል እንበል። አንዱ ጆንያ በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ ቢሄድ ግድ የለውም፤ ተቀባዩ በቁጥራቸው ይደረድራቸዋል። 7ኛው ካልደረሰ «ሰባተኛው ቀርቷል» ብሎ ያስታውቃል። በዚህ ላይ መልእክት ከስንዴ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ላኪው ዘንድ ግልባጩ ስላለ የጎደለውን ደግሞ ይልከዋል።

በኢንተርኔት ጆንያው «ፓኬት» ይባላል። አንዱ ፓኬት እንደተለመደው እስከ 1,500 ባይት ይይዛል፤ ባይት ማለት የ8 ምልክቶች ስብስብ ነው። ቃላችን በአንድ ጥግ ተቀምጣ ትሄዳለች፤ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ብዙ መቶ ፓኬት ይሆናል። ምስል ቀስ በቀስ፥ ከፊሉ አስቀድሞ ከፊሉ ዘግይቶ ሲመጣ የምናየውም ስለዚህ ነው።

ይኸን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ፖል ባራን፥ በእንግሊዝ ዶናልድ ዴቪስ፥ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው አስበውታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 በካሊፎርኒያ ከሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሊላክ የታሰበው «ሎግን» የሚል አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል ያለው ቃል ሲሆን፥ ሁለቱ ፊደላት እንደ ደረሱ መሣሪያው ቆመ። ዛሬ ዓለምን የሸፈነው መረብ በመጀመሪያዋ ቃል ላይ ተሰናክሎ ነበር፤ ጀማሪ ሁሉ ይኸን ቢያስታውስ ይበረታል። ከዚህ በኋላ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የተለያዩ መረቦች የሚግባቡበትን አንድ ደንብ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1983 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ኢንተርኔት ማለት እንግዲህ የመረቦች መረብ ነው፤ የባንኩ፥ የዩኒቨርሲቲው፥ የስልክ ድርጅቱ መረብ በአንድ ደንብ ሲገናኙ ኢንተርኔት ይሆናል።

ፓኬቱ እንዳይጠፋ አድራሻ ያስፈልገዋል። ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚደርስ ሁሉ፥ ከመረቡ ጋር የተገናኘ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። ሰው ግን ቁጥር ስለማይዝለት ስም ይጽፋል፤ በየስፍራው የተቀመጡ ልዩ ኮምፒዩተሮችም እንደ ስልክ ማውጫ ስሙን ወደ ቁጥር ይመልሳሉ። የኢትዮጵያ አድራሻዎች መጨረሻቸው ላይ «ኢቲ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይይዛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረውን እንለይ፤ በስልካችን የምናነበው ድረ ገጽ የኢንተርኔት አንዱ አገልግሎት ብቻ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊዘርላንድ ሳለ ያቀደው ሲሆን፥ ኢንተርኔት መንገዱ፥ ድረ ገጽ ደግሞ በመንገዱ የሚደረስበት ገበያ ነው ብንል አንሳሳትም።

ወደ ቃላችን እንመለስ። ከተማሪው ስልክ እስከ ከተማው የስልክ ማማ ድረስ የሄደችው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ከማማው ወደ ማእከል፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ትተላለፋለች። ረዥሙን መንገድ የምትጓዘው ፋይበር በሚባለው፥ እንደ ጠጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ፥ ብርሃን ሆና ነው፤ በአንድ ሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ቃሏ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል ትወጣና በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋው ገመድ ትሻገራለች። ብዙ ሰው ሁሉም ነገር በሳተላይት የሚሄድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከአህጉር ወደ አህጉር ከሚተላለፈው መልእክት እጅግ የሚበልጠው የሚያልፈው የውኃ ጎማ ያህል ውፍረት ባለው በዚህ ገመድ ነው።

ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽም ወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት መረብ ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት ጀመረ።

አሁን መጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልስ መስጠት እንችላለን። የኢንተርኔት ብርታቱ የመንገዱ ብዛት ነው፤ አንዱ ቢዘጋ ፓኬቱ በሌላው ይዞራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! ነገር ግን ድሩ የሚያብረው በመካከል ነው፤ ወደ ዳር በወጡ ቁጥር ክሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ለትንሽ ከተማ አንድ ማማ፥ ለማማው አንድ መስመር፥ ለመስመሩም የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አገሪቱም ወደ ውጭ የምትወጣባቸው በሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጥቂት በር ደግሞ በብልሽት ብቻ ሳይሆን በትእዛዝም ይዘጋል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በብዙ ስፍራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአንዳንድ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። ፈተናና ምዝገባ ወደ መረቡ በገቡ መጠን የመስመር መቋረጥ የሚያስከፍለው ዋጋ ይጨምራል፤ ዋጋውንም አብዝቶ የሚከፍለው በአንድ ክር የተንጠለጠለው የገጠር ከተማ ልጅ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። መጀመሪያ፥ በስልኩ ጠርዝ ላይ የምናያቸው የሞገድ ምልክቶች የሚናገሩት ከስልኩ እስከ ማማው ስላለው መንገድ ብቻ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጹ እምቢ ካለ፥ ችግሩ ከማማው ወዲያ ነውና ስልክ መቀጥቀጥ ትርፉ ድካም ነው። ሁለተኛ፥ ተማሪ ምዝገባውን ለመጨረሻው ሰዓት አያቆይ፤ የሚያጠናውንም መጽሐፍ መስመር ባለ ጊዜ በስልኩ ላይ አውርዶ ያስቀምጥ። የመንግሥት ሠራተኛም የላከውን ሰነድ ግልባጭ ከራሱ ዘንድ ያኑር። ከላይ እንዳየነው፥ ግልባጭ የያዘ ላኪ ጆንያው ከመንገድ ቢቀር እንኳ ደግሞ ይልካል።