እንቅስቃሴው ይታዘዝ፣ ጌሙ ይከተል

ካንሰር ታክሞ ወደ ወልቂጤ ለሚመለስ ሰው የአካል እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ መጠኑ ተለይቶ በሐኪም ሊታዘዝለት ይገባል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው። ቆመው እየተንቀሳቀሱ የሚጫወቷቸው የቪዲዮ ጌሞች አጋዥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ወጪያችን ግን ሊሆኑ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት 889 የአንጀት ካንሰር ሕሙማንን የተከታተለ ነው። ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ጨርሰው ለሦስት ዓመት በባለሙያ እየተረዱ የአካል እንቅስቃሴ ከሠሩት ውስጥ ከስምንት ዓመት በኋላ ከመቶው 90ው በሕይወት ነበሩ፤ የጤና ማስተማሪያ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 83ቱ። እንዲህ ያለ ውጤት የሚያስገኝ ክኒን ቢኖር ሁላችንም በተሰለፍንለት ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ታማሚዋ ከቤተሰብም ከጎረቤትም የምትሰማው «ዕረፊ፣ ምንም እንዳትነኪ» የሚል ነው። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያጣች የጉራጌ እናት ክንዷን ማንሳት ካቃታት እንሰት መፋቅ አትችልም፤ ቆጮው ከሌላ ሰው እጅ የሚጠበቅ ይሆናል። ከባድ ማንሳት የክንድ እብጠትን ያብሳል የሚለው ፍርሃት ቀድሞ በሐኪሞችም ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ተከታትሎ፣ በክትትል ቀስ በቀስ ክብደት ማንሳት እብጠቱን እንዳላባሰ፣ ጉልበትንም እንደጨመረ አሳይቷል።

ጌሙስ? ቱርክ ውስጥ የጡት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ 40 ሴቶች ላይ ኪኔክት የተባለው የእንቅስቃሴ ጌም መሣሪያ ተሞክሮ ነበር። ለመንቀሳቀስ የነበራቸውን ፍርሃት ይበልጥ የቀነሰው ጌሙ ሲሆን፣ ክንዳቸውን ለዕለት ሥራ ይበልጥ የመለሰው የተለመደው ፊዚዮቴራፒ ነው። በጌም ላይ የተደረጉት ሌሎች ጥናቶችም አብዛኞቹ ትንንሽና አጫጭር ናቸው። ማይክሮሶፍትም ኪኔክትን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2017 አቁሟል። የሆስፒታል አገልግሎት ከገበያ በሚወጣ ዕቃ ላይ አይመሠረትም።

ጌሙ የሚሰጠው ደስታ ግን መናቅ የለበትም፤ ሰው የሚወደውን ነገር አያቋርጥም። ደስታው ከዚሁ ከአገር ቤት ይገኛል። የጉራጌን ጭፈራ ለአሥር ደቂቃ የጨፈረ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ ያውቀዋል። ረጋ ባለ ፍጥነት፣ በባለሙያ ፊት፣ በቡድን ቢሠራ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ካንሰሩ አጥንት የገባበት፣ ደም ያነሰው፣ በኬሞቴራፒ ምክንያት እግሩ የሚደነዝዝ ታካሚ ሐኪም ሳያየው መጀመር የለበትም።

ለዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ ከወልቂጤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለእንቅስቃሴ ግን ያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግም። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታክመው ለሚመለሱ ሁሉ የፊዚዮቴራፒ ምርመራና በሳምንት የተወሰነ የቡድን ቀን ይክፈት፤ የቡታጅራ ሆስፒታልም እንዲሁ ያድርግ። ጌም በስጦታ ከመጣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ ይግባ። በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ያሠሩ የጉራጌ ልጆች ዛሬም መርዳት ከፈለጉ፣ ከማጫወቻው በፊት የአንድ ፊዚዮቴራፒስት ደመወዝ ይሸፍኑ።