ውኃው የሁላችን፤ ዳሩስ የማን ነው?

የመካነ ሰላም አካባቢ ሰው ስለ ሐይቅ ዳርቻ ሲጽፍ «አንተን ምን አገባህ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የቦረና ደጋ ሐይቅ የለውም። ውኃችን በገደል ሥር የሚያልፈው ዓባይ ነው፤ እርሱም ማዶ ጎጃምን ያሳየናል እንጂ ለቀዘፋ የሚመች አይደለም። ይሁን እንጂ «የሕዝብ የሆነን ቦታ ብዙዎች እንዴት ተጋርተው ይጠቀሙበት?» ለሚለው ጥያቄ እንግዶች አይደለንም፤ ደንቆሮ ጫካ አለንና (በስሙ የሚስቅ ይሳቅ)።

ደንቆሮ ጫካ በ2001 ዓ.ም. በክልሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ በሚል ስም ይታወቃል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በወሰኑ ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ የቤት ክዳን ሣር፣ ማገዶና ግጦሽ ይሻል። ገበሬውን ሕገ ወጥ ብሎ ማባረር ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማን በየትኛው ወር ይግባ፣ ምን ይዞ ይውጣ ብሎ ተቀምጦ መስማማቱ ነው። መንዞች ይህን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። የጓሳን ሜዳ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ከፍተው ያጭዱታል፤ ከዚያም መልሰው ይዘጉታል። ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ለዘመናት ሜዳውን የጠበቀው ያለ አጥር፣ በቀን ቀጠሮ ብቻ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ወደ ጣና ለመሻገር ነው። በባሕር ዳር በጥር ወር የበዓል መሰናዶ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር ሲካሄድ አይተናል። ተመልካች ያጨበጭባል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ ሹም ይሸልማል። እኔን የሚያሳስበኝ ማግስቱ ነው። ለመሆኑ ውድድሩ ሲያበቃ ታንኳዎቹ ወዴት ይሄዳሉ?

ጥያቄው የዋዛ እንዳልሆነ ታንኳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይረዳዋል። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውኃ ላይ በዋለ ቁጥር ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወጥቶ በዳርቻው መድረቅ አለበት። እንደ ብረት ጀልባ ወደቡ ላይ ታስሮ አያድርም። ቢንከባከቡትም ዕድሜው አጭር ነውና ሠሪው ወዲያው ሌላ ደንገል ማስጣት ይኖርበታል። ታንኳ ከሐይቁ ይልቅ የሐይቁን ዳር ይፈልጋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዳሩ ከታጠረ ታንኳን የሚከለክል ሕግ ማውጣት አያስፈልግም፤ ያለ ሕግ ይጠፋል። (በነገራችን ላይ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን ለመሻገር የተነሣባት «ራ» የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ናቸው። ደንገሉ ከእኛ፣ እጁ ከቻድ!)

የዚህ ጥበብ ባለቤቶች ሲባል ከሁሉ በፊት የሚነሡት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ኑሯቸው ዓሣውም ደንገሉም ከዳርቻው ጋር የተሳሰረ ነው። ከተማዋ ባደገች ቁጥር ግን ዳርቻው ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲፈለግ እነርሱ ወደ ኋላ ተገፉ። ይህ የባሕር ዳር ብቻ ጣጣ አይደለም፤ በቢሾፍቱ ባቦጋያን ዞሮ ለማየት የሚሻ እግረኛ ከውኃው ይልቅ የሚያየው የሎጅና የመኖሪያ ቤት አጥር ነው። ሕጉ ስለ ውኃው ጥርት ያለ ነገር ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ የ1992ቱ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱን ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ወደ ውኃው የሚያደርሰው መሬት በሊዝ ከተያዘ ግን የጋራ ባለቤትነታችን ቆመን ከሩቅ ለማየት ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ የባሕር ዳር ወጣቶች የቀዘፋ ክበብ አቋቁመው «ከሕዝቡ መናፈሻ ጥቂት ስፍራ እንጋራ» ብለው ቢያመለክቱ ምን ይባላሉ ብዬ አስባለሁ። አንደኛው መልስ «ባለሀብት ይዛችሁ ኑ» እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ሁለተኛው ግን በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ነው፤ «የሕዝብ ቦታ ለጥቂት አባላት አይሰጥም» የሚለው። ይህን ተቃውሞ አላቃልለውም። በአገራችን ዛሬ የቆርቆሮ መጠለያ የነበረው ነገ ግንብ ሆኖ፣ ከነገ ወዲያ ዘበኛ ቆሞበት አይተናል። ክበብም ሰው ነው፤ ቦታ ከያዘ በኋላ መልቀቅ አይወድም።

መፍትሔው ጓሳ ላይ ያየነው ይመስለኛል። ለንደን በሃይድ ፓርክ ውስጥ በሰርፐንታይን ሐይቅ የሚዋኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተ ክበብ አለ። አባላቱ በማለዳ ይዋኛሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ የጀልባ ተከራዩና የመንገደኛው ነው። ለክበቡ የተሰጠው ሰዓት እንጂ ሐይቁ አይደለም። ጣናም ለዚህ የተመቸ ነው። ማለዳ ውኃው የረጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ቤተሰብ ደግሞ ወደ ዳርቻው የሚወጣው አመሻሽ ላይ ነው። ቀዛፊው ሲጨርስ ተናፋሹ ይመጣል። በጥምቀት ሰሞን ቦታው የምእመናን ነው፤ ያን ቀን ቀዘፋ የለም። መጠለያው ጣሪያ ብቻ ይኑረው፣ ግድግዳ አይኑረው። ውሉ በየዓመቱ ይታደስ፤ የተሰጠውን ሰዓት ያላከበረ ክበብ ውሉ አይታደስለት። ታንኳውን ደግሞ ከወይጦዎቹ በዋጋው ይግዛ፤ ልጆቻቸው በአባልነት ይግቡ፤ የእነርሱም ደንገል በዚያው ስፍራ ይሰጣ። ይህ የመጨረሻው ካልተሟላ ክበቡን ከሚቃወሙት ጋር እቆማለሁ።

እኛ ወሎዬዎችም ባሕር ዳር ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሎጎ ሐይቅ አለ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ ለቀዘፋ ግን ይበቃል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ክልል ለሴቶች ዝግ ስለሆነ የቀዘፋው መሥመር ከገዳሙ አባቶች ጋር በመመካከር መሰመር ይኖርበታል። ከመመካከር የሚከብድ ነገር የለበትም።

«አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ታንኳ ትጽፋለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ያደረሰውን የማያውቅ የለም፤ እኔም አልረሳሁትም። ነገር ግን ሰው ለነፍሱ ሲሰጋ የዳርቻ ነገር የሚጠይቅ አይኖርም፤ ያን ጊዜ የተተከለን ችካል ሰላም ሲወርድ ለመንቀል ፍርድ ቤት ቢመላለሱም አይቻልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በሚነካቸው ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት ዳርቻውን ለማስዋብ ፕላን የሚነድፉትን ሁሉ የምጠይቀው አጭር ነው። ፕላኑን በአደባባይ ይለጥፉልን፤ ወንበሩንና መብራቱን ካየን በኋላ ታንኳ የሚደርቅበት ቦታ የትኛው እንደሆነ በጣታቸው ያሳዩን።