ሞተር ሳይክሏ የሁለታችሁም ናት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አማትና ምራት ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ የሚያሰኝ ርዕስ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ስለ ሞተር ሳይክል። «የፓስተር ሚስት በሞተር ሳይክል ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን በሚገባ ያገባኛል ባይ ነኝ። ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ስንል በብዙ የወንጌላዊ፣ የመምህር፣ የግብርናና የጤና ሠራተኛ ቤት፣ ከመኖሪያው ቀጥሎ ትልቁ ንብረት ሞተር ሳይክል ነው። ገበያ የሚኬድባት፣ የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ የሚደርስባት፣ እሁድ ጠዋት አባት፣ እናትና ልጅ ተደራርበው የሚመጡባት እርሷ ናት። ሆኖም ሚስትየዋን ስለ እርሷ ብትጠይቋት «የእርሱ ናት፤ እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። ከኋላ የምትቀመጠው ግን ራሷ አይደለችምን?

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በገንዘብ ነው። ባል ትንሽ ገንዘብ እጁ ሲገባ ሞተር ሳይክሏን ማሻሻል ይፈልጋል። ድምፁ የሚያጓራ ማርሚታ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ መብራት፣ ከዚያም ታንከሩ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ። ሚስት ደግሞ ወጪውን ታያለች፤ ምኑ እንደሚያስፈልግ ምኑ እንደማያስፈልግ ግን ስለማታውቅ ወይ ሁሉንም ትቃወማለች፣ ወይ ዝም ትላለች። ሁለቱም አይጠቅምም። እኔ ለባለትዳሮች የምለው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ለሚያቆማት፣ ቀጥሎ ለሚያሽከረክራት፣ ከዚያ ለሚሳፈርባት ሰው፤ ለሚያሳምራት በመጨረሻ። በዚህ ቅደም ተከተል ከተስማማችሁ ግማሹ ጭቅጭቅ ያልቃል።

የሚያቆማት ፍሬን ነው። ብዙ ወንድሞች የፊት ፍሬንን ይፈሩታል፤ «ይጥላል» ይሉና የኋላውን ብቻ ይረግጣሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ሞተር ሳይክል ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው። በጭቃና በጠጠር ላይ ቀስ ብሎ መያዝ ያስፈልጋል እንጂ መተው አይደለም። የፍሬን ሸራው ሲያልቅ ፔዳሉ ወደ ታች እየራቀ ይሄዳል። ማስተካከያውን ብሎን እያጠበቁ ጥቂት ጊዜ ማራዘም ይቻላል፤ አጥብቃችሁ አጥብቃችሁ ሲያልቅ ግን ሸራው መቀየር አለበት። ሞተር ሳይክሏን ካጠባችሁ ወይም ወንዝ ካሻገራችሁ በኋላ ደግሞ ባለ ታምቡር ፍሬን ውኃ ስለሚገባበት ይለግማል። ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ነካ ነካ በማድረግ አድርቁት። ቁልቁለት ላይ ደርሶ ከማወቅ ይህ ይሻላል።

ጎማ ብዙ አያነጋግረንም። ንፋሱ ጠዋት ሳትነሡ፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ሁለት ሰው ሲጫን የኋለኛው ከብቻ ጉዞ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። ልኩ በመመሪያ ደብተሩ ላይ አለ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዞ መብራት የሚያሳምር ሰው ካለ፣ እህቴ፣ የዚያን ጊዜ መቃወም ይገባሻል።

አሁን ወደ ካቴናው እንምጣ። በቤት ውስጥ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል ጥቅም ያለው፣ ይህን ያህልም አደገኛ የሆነ የለም። ሞተር ሳይክሏን በመሃል መቆሚያዋ አቁሟት። በታችኛው በኩል፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል፣ ካቴናውን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት እንደ ቦክሰር ባሉት የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መላወስ አለበት። ከፍ ብለው ለገጠር መንገድ የተሠሩት ከዚህ የበለጠ ይፈልጋሉ። ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ብዙ ቦታ ለኩ፤ አንድ ቦታ ከጠበቀ ልኩ የሚያዘው በጠበቀው ቦታ ነው። በጣም የላላ ካቴና ከጥርሱ ዘሎ ወጥቶ የኋላውን ጎማ ሊቆልፈው ይችላል። በጣም የጠበቀው ደግሞ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ይበልጥ ይወጠርና ኩሽኔታውን ይበላል። ስታስተካክሉ በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ፤ አለዚያ ጎማው ጠምዞ ይቆማል።

ማጽዳቱ በነጭ ጋዝና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ነው። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በታችኛው ካቴና ላይ፣ በውስጠኛው በኩል ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ካቴናው ሲዞር ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ማታ ተሠርቶ ቢያድር መልካም ነው፤ ወዲያው ከተነዳ ዘይቱ ቀሚስሽ ላይ ይረጫል። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ሥራውን ለማፍጠን ሞተሩን አስነሥተው፣ ማርሽ አስገብተው፣ የሚዞረውን ካቴና በጨርቅ የሚይዙ አሉ። ጨርቁ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ሲገባ ጣትም አብሮ ይገባል፤ ጣት የሚቆረጠው በዓይን ጥቅሻ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ማርሹ ፎሌ ይሁን፣ ጎማው በእጅ ይዙር። ትንንሽ ልጆች ደግሞ የሚዞር ነገር መንካት ስለሚወዱ ከአጠገቡ ይራቁ።

ስለ ሞተር ዘይት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የመኪና ዘይት ከሞተር ሳይክል ዘይት የሚረክስበት ጊዜ ስላለ «ያው ዘይት ነው» ተብሎ ይገዛል። ያው አይደለም። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑ በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ የተነከረ ነው፤ ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ማንሸራተቻ ቅመም ስላለባቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክሏ ግን አትሄድም። በዕቃው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዙ። የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በዘይት ረጥቦ ይጨመቃል፤ ወረቀት ከሆነ ግን አይታጠብም፣ ይራገፋል፤ ሲብስበት ይቀየራል። ካንዴላውን ስትፈቱ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቷል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነውና ጉዳዩ ከቤት አልፎ ወደ መካኒክ ሄዷል።

እህቶቼ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው በእናንተው ግቢ ነውና የግቢው ሕግ የእናንተ ይሁን። ስለ ሳፋችሁ አልናገርም፤ የልብስ ሳፋ ወስዶ ካርቡራተር ያጠበበት ባል ያላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከሳፋው የሚብሰው ቤንዚን ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል፤ በአንድ በኩል ታንከር እየተገለበጠ በሌላ በኩል ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና የሚቆላበት ግቢ ተቃጥሎ ሊያድር ይችላል። በዚያች ሰዓት ቡናው ይቆይ። የተረፈውን ቤንዚንና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥም ይቅር። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ይህ ደርሶ ከተገኘ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ወተትም አትጋቱት። ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባልና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የተቃጠለውን ዘይትም ከጉድጓድ ውኃ አጠገብ አትድፉት፤ በጀሪካን አጠራቅሙት። ለአጥር ቋሚ ምስጥ መከላከያ የሚቀባው ጎረቤት አይጠፋም።

ከማሻሻያዎች ሁሉ በእኔ አስተያየት ገንዘብ የማይቆጭበት አንድ አለ፤ ለደጋ አገር ሰዎች የሚሆን ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው። እንዲህ ባለ ዳገት ሁለት ሰው ለሚጭን፣ ባለ 14 የሆነውን የፊት ጥርስ በባለ 13 መቀየር ጉልበቱን በ7 ወይም በ8 በመቶ ያህል ይጨምራል። በነጻ ግን አይደለም። በዚያው ፍጥነት ሞተሩ በዚያው ልክ ቶሎ ስለሚዞር ሜዳ ላይ ነዳጅ ይፈልጋል፣ የመጨረሻ ፍጥነቷም ይቀንሳል። ለወረዳ አገልጋይ ፍጥነቱ ቢቀር ምን ገዶት! ካቴናው ያረጀ ከሆነ ግን አዲስ ጥርስ ብቻውን አይግባ፤ የፊቱ፣ የኋላውና ካቴናው በአንድነት ይቀየሩ። ያረጀ ካቴና አዲሱን ጥርስ ቶሎ ይበላዋልና።

የሚያጓራውን ማርሚታ በተመለከተ ወንድሞች ይቅርታ አድርጉልኝ። ማርሚታ ተቆርጦ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ሞተሩ ነዳጅ እያጠረው ይግላል እንጂ አይበረታም። የሚጨምረው ጩኸቱ ነው፤ ያውም ሕፃን ያስተኛች ጎረቤት ላይ። ተጨማሪ መብራትም ያለ ፊውዝ በቀጭን ገመድ ከተገጠመ ባትሪውን ይጨርሳል፣ አንዳንዴም ገመዱን ያቀልጣል።

አሁን የሚሳፈርባት ሰው ዘንድ ደረስን። ሄልሜት ለነጂው ብቻ የሚገዛ ቤት ብዙ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የባል ጭንቅላት ብቻ አይመስለኝም። ለማርሚታ የታሰበው ገንዘብ የሚስት ሄልሜት ይግዛ። «ጸጉሬ ይበላሻል» የምትዪውም እህቴ፣ ጸጉርሽን ከደረስሽ በኋላ አስተካክዪው።

በጎን መቀመጥ ሌላው ነገር ነው። ብዙዎቻችን በቀሚስ ስለምንሄድ ሁለት እግራችንን በአንድ በኩል አድርገን እንቀመጣለን፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው የሚይዘው የለውም፣ ኮረኮንች ላይ ሚዛኑንም ይስታል። እኔ በግልጽ የምለው፣ ከቀሚስ ሥር ሱሪ አድርጎ እንደ ባል ፈርሾ መቀመጥ ይሻላል። አንዳንድ አባቶችና እናቶች ይህን ሲያዩ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ከወደቀች በኋላ ከሚያዝኑላት ሳትወድቅ ቢታዘቧት እመርጣለሁ። ሕፃን በአንቀልባ አዝላችሁ ከኋላ የምትቀመጡ እናቶች ደግሞ አስቡ፦ የመጨረሻው ተሳፋሪ፣ ምንም የማይሸፍነው፣ ልጁ ነው። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ባለበት መንገድ በእርሱ ተሳፈሩ።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ነጠላችን ነው። አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ኢሳዶራ ዳንከን በመስከረም 1927 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ኒስ ከተማ ክፍት መኪና ተሳፍራ ስትሄድ ረጅም ሻርፗ በኋላ ጎማ ተጠምጥሞ ሕይወቷ አልፏል። የነጠላ ጥለት ከዚያ ሻርፕ አያጥርም፤ የሞተር ሳይክል ጎማም ከመኪናው ይልቅ ለልብሳችን ቅርብ ነው። ቦክሰርም ሆነ ቲቪኤስ የሚሠሩት በሕንድ ነው። በዚያ አገር ሴቶች ሳሪ ለብሰው ከኋላ ስለሚሳፈሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የተሽከርካሪ ደንባቸው የኋላውን ጎማ ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን የልብስ መከላከያ፣ የተሳፋሪ እጀታና የእግር ማሳረፊያ እንዲኖር ያዝዛል። ነጠላ በሚለበስበት በእኛ አገር ግን ይህ መከላከያ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በየመንገዱ ይታያሉ። አንዳንዱም «አላማረም» ተብሎ የተፈታ ነው።

ይህን በቀላሉ ማሠራት ይቻላል። በያጅ ዘንድ ሂዱና በቀጭን ፌሮ፣ ክፍተቱ እጅ የማያስገባ ፍርግርግ አሠሩ፤ ከመቀመጫው ሥር ተነሥቶ የጎማውን ላይኛ ግማሽ ይሸፍን። ብየዳው ከሞተር ሳይክሏ ላይ ተነጥሎ ይሠራ፤ ቤንዚን ካለበት ታንከር አጠገብ የብየዳ ብልጭታ አይታሰብም። ሲያልቅ በብሎን ይታሰር። ከዚያ ሁለታችሁም ውጡባትና ተቀመጡ፤ አሞርዛተሩ ሲወርድ ፍርግርጉ ጎማውን እንዳይነካ እዩ። ቀጥሎ ውረዱና ሞተሩን ሳታስነሡ አንድ አሮጌ ነጠላ በጎን በኩል ልቀቁ፣ ሌላው ሰው ሞተር ሳይክሏን በእጁ ይግፋት። ጥለቱ ራጂው ጋ ከደረሰ ፍርግርጉ ገና አንድ ፌሮ ይቀረዋል።